ሰይፍ የታጠቀው ዳዊትና «ተዉት» ያለው ዳዊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ባለፈው ሰኔ መንዝ ወጥቼ ሳለ አንድ ክንድ የማትሞላ መሬት ሰው ልታስገድል ነበር። ጎረቤት ሲያርስ ድንበር ገፋ ተባለ፤ ዕድሜው 20 ቢሞላ የማይበልጥ ልጅ ቱግ አለ። ዱላውን ሲያነሣ የጣቶቹ አንጓ ነጥቶ ነበር። በርኖስ የደረቡ አጎቱ አልገሠጹትም፤ የጋቢውን ጫፍ ጨብጠው ዝም ብለው ቆሙ። ቢጎትት አልለቀቁትም። ሦስት አራት ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ ዱላው ዝቅ አለ።

በአንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ፣ አሚግዳላ የሚባል ለውዝ የሚያህል ክፍል አለ። ስድብ ሲመጣ ሐሳብ ሳይቀድመው ይነቃል፤ ልብ ይመታል፣ ክንድ ይወጠራል። ይህ ቁጣ ነው፤ ገና ዱላ አይደለም። ሐዋርያውም «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ሲል ሁለቱን ለያይቷቸዋል (ኤፌ. 4፥26)። በመካከላቸው የሚቆመው ከግንባራችን ኋላ ያለው፣ «ቆይ፣ ነገስ?» የሚለው የአንጎል ክፍል ነው። እርሱ ግን እስከ 25 ዓመት ገደማ ገና እየበሰለ ነው። ልጁ የጎደለውን አጎቱ በእጃቸው ሞሉለት።

ዳዊትንም ናባል የተባለ ባለጠጋ ሲሰድበው ገና 30 ዓመት አልሞላውም፤ 400 ሰው አስከትሎ ሰይፉን ታጥቆ ወረደ። የጋቢውን ጫፍ እንደ አጎትየው የያዘችው የናባል ሚስት አቢግያ ናት (1ኛ ሳሙ. 25)። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ወደ ቤቷ ስትመለስ ያደረገችው ነው፦ ባሏ ሰክሮ አገኘችው፤ እስኪነጋ ድረስ አንዳች አልነገረችውም። መጠጥ ቀድሞ የሚያደነዝዘው ያንኑ የግንባር ዘበኛ ነውና። እኛ ደጋ ላይ «ለብርዱ» እያልን አረቄ ቀድተን የድንበር ነገር የምናነሣበት ልማድ፣ እውነቱን ልናገር፣ ያስፈራኛል።

ዓመታት አለፉ። ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ ከሳኦል ወገን የሆነ ሳሚ የሚባል ሰው እየረገመ ድንጋይ ወረወረበት። ከዳዊት ሰዎች አንዱ አቢሳ «ራሱን ልቁረጠው» ሲል ንጉሡ ተዉት፣ ይርገም አለ (2ኛ ሳሙ. 16)። በጥናትም የሚታየው ይኸው ነው፤ በአብዛኛው ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቁጣውም ጠቡም ይቀንሳል። ሁሉም ግን አይደለም። የዋህ የነበሩ አባት በስተርጅና ድንገት ተሳዳቢ ቢሆኑ፣ የግንባሩን ክፍል ሕመም ጎድቶት ሊሆን ይችላል፤ ጠበል እንደምትወስዷቸው ሐኪም ቤትም ውሰዷቸው፤ በጓዳ አትደብቋቸው።

ደግሞም ዳዊት ቁጣውን ረሳው አልልም። ሊሞት ሲል ሳሚን ሳይቀጣ እንዳይተወው ለልጁ ለሰሎሞን የተናገረውን ያነበበ ያውቃል (1ኛ ነገ. 2)። በዚያ ቀን ግን ሳሚ በተራራው ጥግ እየተከተለ ትቢያ ይበትን ነበር፤ ዳዊትም መንገዱን ሄደ፤ ደክሞ ደረሰ፣ በዚያም ዐረፈ።