ሴዴሽን ምንድን ነው? ከጥርስ ሐኪም ወጥቶ መኪና መንዳትስ?

ብዙ ሰው ጥርስ ሲያስነቅል የሚወጋው ድዱን ብቻ ነው። መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ሊዶኬይን ነው። ከንፈርዎ የሌላ ሰው ከንፈር ይመስልዎታል፣ ውሃ ሲጠጡ በአገጭ ይንጠባጠባል። ድንዛዜው ለጥቂት ሰዓታት ይቆያል፤ ጭንቅላት ግን ንቁ ነው። ካላዞረዎትና ሐኪሙ ካልከለከለዎት መንዳት ይችላሉ።

ሴዴሽን፣ ማለትም በሚያፈዝ መድኃኒት ማረጋጋት፣ ሌላ ነው። የሚሠራው ድድ ላይ ሳይሆን አንጎል ላይ ነው። አጥንት ውስጥ የተቀበረ የመንጋጋ ጥርስ ሲወጣ፣ ወይም መርፌ ሲያይ ላብ ለሚያጠምቀው ሰው ይሰጣል። እንደ ሙሉ ማደንዘዣ ጭልጥ አድርጎ አያስተኛም። «አፍዎን ይክፈቱ» ሲባሉ ይከፍታሉ፤ ፍርሃቱ ግን የለም።

በደም ሥር ከሚሰጡት አንዱ ሚዳዞላም ነው። ይሄ ደግሞ ማስታወስን ያጠፋል። ሰውየው ጥጥ ነክሶ ይወጣል፣ ኮሪደሩን ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ «ደህና ነኝ፣ ቁልፉን ስጪኝ» ይላል ሚስቱን። ትንሽ ቆይቶ «ጥርሱ ወጣ እንዴ?» ይላታል። ሐኪሙ እኮ ጥርሱን አሳይቶታል! በማግስቱ መጠየቁንም አያስታውስም። «ደህና ነኝ» የሚለው ያው የደነዘዘው አንጎል ስለሆነ፣ ቃሉን ማመን ከባድ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከቆመ ሚኒባስ ኋላ ልጅ ብቅ ቢል፣ እግር ፍሬን ላይ እስኪደርስ የሚዘገየው አንድ ሴኮንድ ያን ያህል ነው። ለዚህ ነው ከሴዴሽንም ከሙሉ ማደንዘዣም በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት አይነዳም የሚባለው። ውል መፈረምም ይቆይ።

በትንፋሽ የሚሳበው የሚያስቀው ጋዝ (ናይትረስ ኦክሳይድ) ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1844 አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ሆራስ ዌልስ የገዛ ጥርሱን ያስነቀለው በሱ ነው። ኦክስጅን ሲተነፍሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል፤ ብቻውን ከተሰጠ ሐኪሙ አይቶ እንዲነዱ ሊፈቅድ ይችላል።

ቤት የሚወሰደው ማስታገሻም አይረሳ። ትራማዶልና ኮዴይን ያንገላጃሉ፤ አይቡፕሮፌን አብዛኛውን ሰው አያስተኛም።

ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ «ድዴን ብቻ ነው የምወጋው ወይስ የሚያፈዝም አለው?» ብለው ይጠይቁ። የሚያፈዝ ካለው መኪናዋ ቤት ትደር። ራይድ መጥራት ያባት ነው፤ ግን ሹፌሩ ደረጃ ደግፎ አያወጣዎትም፣ ማታም አጠገብዎ አያድርም። ዘመድ ይዘው ይሂዱ።