ውስጣዊ ተነሳሽነት ምንድን ነው?

ሰኔ ሲደርስ፣ የተማሪ ካርድ ሊሰጥ ሲል፣ በብዙ የጎንደር ቤቶች አንድ ንግግር ይሰማል፤ «አንደኛ ከወጣህ ሳይክል እገዛልሃለሁ።» ከፍቅር የመጣ ቃል ነው። ግን ልጁ የሚያጠናበትን ምክንያት ሊለውጥበት ይችላል።

ውስጣዊ ተነሳሽነት ልጅ አንድን ነገር ስለወደደው፣ ወይም ማወቅ ስለፈለገ ብቻ እንዲሠራው የሚገፋው ኃይል ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት አንጋጦ አይቶ፣ ቤቱ ሲገባ እነዚያን ትልልቅ ዓይኖች ደብተሩ ጀርባ ላይ የሚስል ልጅ ማንም አላዘዘውም። ለሽልማት ወይም ቅጣት ፈርቶ ሲሠራ ደግሞ ተነሳሽነቱ ውጫዊ ይባላል።

ሁለቱ እንዴት እንደሚጋጩ ያሳየ ጥናት አሜሪካ ውስጥ በ1973 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸውን፣ መሳል የሚወዱ ልጆች በ3 ቡድን ከፈሉ። የመጀመሪያዎቹ «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባሉ። ሁለተኛዎቹ ምንም ሳይነገራቸው፣ ስለው ሲጨርሱ ተሸለሙ። ሦስተኛዎቹ ሽልማት የሚባል አላዩም። ከ1 ወይም 2 ሳምንት በኋላ የሳሉበት ማርከር እንደገና ቀረበላቸው። ሽልማት ቀድሞ የተነገራቸው ልጆች ለመሳል ያዋሉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ነበር። ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው እንዳለ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጉዳቱ የመጣው ከውሉ ነው። ስለዚህ ሳይክሉን መግዛት ከቻላችሁ ግዙለት፣ ከደረጃው ጋር ብቻ አታያይዙት።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ውስጣዊ ተነሳሽነት የሚያብበው 3 ነገሮች ሲሟሉ ነው ይላሉ፦ የራስ ምርጫ፣ «እችላለሁ» የሚል ስሜትና ከሰው ጋር መቀራረብ። እኛ ጋ የመጨረሻው ሞልቷል። የሚጎድለው ምርጫው ይመስለኛል። የ5 ዓመት ልጅ ለጠዋቱ ብርድ የትኛውን ሹራብ እንደሚለብስ ይምረጥ። የ8 ዓመቷ ካልሲዋን ራሷ ትጠብ። እድፉ በደንብ ባይለቅ ከኋላዋ ሄዳችሁ ደግማችሁ አትጠቡት፤ ያየች ዕለት «ለካ አልችልም» ትላለች። አያት ባለችበት ቤት ይህ ክርክር ያስነሳል፤ «እማዬ፣ እስቲ ተያት፣ ራሷ ትሞክር» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ግን ይባል።

ሁሉም ነገር በፍቅር አይጀመርም። ጥርስ መቦረሽን ወይም በጊዜ መተኛትን የሚናፍቅ ልጅ አላየሁም። እዚህ ላይ ምርጫው ጠባብ ነው፤ ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን፣ ምክንያቱ ይነገረው። ከራት በኋላ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ እናንተም አብራችሁ ቦርሹ። ከመተኛቱ በፊት የትኛው ተረት እንደሚነገረው ግን እሱ ይወስን።