ሟችን በኤአይ ማናገር እና የጣና ዳር ለቅሶ

ሟችን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ማናገር ማለት፣ የሞተ ሰው ትቶት ከሄደው ፎቶ፣ ድምፅና መልእክት ተነሥቶ እሱን የሚመስልና እንደ እሱ የሚናገር ነገር መሥራት ነው። ቀላሉ ፎቶ ማንቀሳቀስ ነው። ከዚያ ከፍ ሲል ድምፁን አስመስሎ ያልተናገረውን ማናገር ይመጣል፤ ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ የሟቹን አነጋገር ተምሮ ለሚጠየቀው የሚመልስ ቦት፣ ማለትም እንደ ሰው የሚያወራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ባሕር ዳር ላይ በሰው ስልክ የሚታየው በብዛት የመጀመሪያው ነው።

ታሪኩ ሩቅ አይደለም። ትውልደ ሩሲያዊቷ ዩጂኒያ ኩይዳ እ.ኤ.አ. በ2015 በመኪና ተገጭቶ የሞተባትን ጓደኛዋን ሮማን ማዙሬንኮን፣ ከስልክ መልእክቶቹ ተነሥታ በ2016 ቦት አድርጋ ሠራችው። በ2020 የደቡብ ኮሪያው ኤምቢሲ ቴሌቪዥን አንዲት እናት በኮምፒውተር የተሠራ ዓለም የሚያሳይ የቨርችዋል ሪያሊቲ መነጽር አጥልቃ ከሞተች ሕፃን ልጇ ምስል ጋር ስትገናኝ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ማይሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት የድሮ ፎቶ ዓይኑን እንዲያርገበግብና ፈገግ እንዲል የሚያደርግ አገልግሎት ከፈተ። በ2022 ደግሞ አማዞን፣ አንድ ደቂቃ ከማይሞላ ቅጂ የተሠራ የአያት ድምፅ ለልጅ ልጇ መጽሐፍ ሲያነብ ለሕዝብ አሳይቷል።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አንድ ሙት ዓመት ላይ ያየሁትን ልጥቀስ። የሟቹ ሽማግሌ ብቸኛ ፎቶ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለው ነበር፤ አንገት ቀጥ፣ አፍ ግጥም። የልጅ ልጃቸው በስልኩ አንቀሳቅሶት አመጣና ለባለቤታቸው ሰጣቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው ፈገግ ሲሉ ነጭ የጥርስ ድርድር ታየ። ባለቤታቸው ስልኩን ጠጋ አድርገው አዩና «ጥርሱን ማን ሰጠው?» አሉ። የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ከወለቀ ብዙ ዘመን አልፎት ኖሯል። ፕሮግራሙ አፉ የተገጠመ ፎቶ ሲሰጠው ውስጡን አያውቀውም፤ ከዚያ በፊት ካያቸው እልፍ ፊቶች ገምቶ ይሞላዋል። ድምፁም ቦቱም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው፣ የጎደለውን ከሌላ ሰው ተበድረው ነው።

የሚጎድለው ደግሞ ብዙ ነው። የእኛ አገር እናትና አባት በጽሑፍ መልእክት የሚያወሩ አይደሉም። የሚተርፈው አረብ አገር ላለች ልጅ በኢሞ የተላከ ድምፅ፣ የሠርግ ቪዲዮ ጥግ ላይ የታየ ፊት፣ የበዓል ምርቃት ነው። አማርኛ የሚያነቡ ሰው ሠራሽ ድምፆች አሉ፤ የማይክሮሶፍቶቹ መቅደስና አምሃ ይባላሉ። ፊደላችን ግን ጥብቀትን አያሳይም። «አባባ አለ» ተብሎ የተጻፈውን ማሽኑ አላልቶ ካነበበው አባባ ተናገረ ማለት ነው፤ አጥብቆ ካነበበው አባባ አልሞተም። ለሐዘን ቤት ከዚህ የከፋ የንባብ ስሕተት አይታየኝም። በዚያ ላይ እናት ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ» ትለዋለች፤ ሰዋስው ብቻ የተማረ ቦት ይህን ከየት ያመጣዋል?

የጣና ዳር ሐዘን ቀን አለው። ሰልስት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ ሙት ዓመቱ ሲወጣ ጥቁሩ ይወልቃል። የሚገርመው የሐኪሞቹም አቆጣጠር ከዚህ አይርቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ፣ ሰውን ከኑሮው ያሰናከለ ሐዘንን «የተራዘመ» የሚለው ከ6 ወር ሲያልፍ ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 እትሙ ለዐዋቂ 12 ወር አድርጎታል። አንዱ መንፈቅ፣ ሌላው ሙት ዓመት መሆኑ ነው። ቦቱ ግን ቀን የለውም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ይመልሳል፣ ያውም ለአንድ ሰው ብቻ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መርዶ ነው። ውጭ አገር ላለ ልጅ ሞት እንዲሁ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተፈልጎ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ቤቱ ተሄዶ ነው። እስከዚያ «እናትህ ትንሽ አሟት ተኝታለች፣ ስልኳም ተበላሽቷል» ይባላል። የእናትየው ድምፅ በኤአይ ከተሠራ ይህ ማባበያ ራሱ ስልክ አንሥቶ ያወራል፤ ለሦስት ቀን የታሰበው መደበቅ ወር ሊፈጅ ይችላል።

በሥራዋ ለዚህ ቴክኖሎጂ የምትቀርበው ሙሾ አውራጇ ናት። አልቃሽ ሟቹን ላታውቀው ትችላለች። ለቅሶው ቤት ስትደርስ ስሙ፣ የልጆቹ ስም፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ማን ቀድሞት እንደሞተ ይነገራታል። ያንን ስንኝ አድርጋ ታወርደዋለች፤ የሟቹ ልብስና ፎቶ፣ ጠመንጃ ከነበረውም ጠመንጃው፣ በሰው እጅ ተይዞ ይታያል። የነገሯትን ይዛ ሰውየውን በቃል መልሳ ታቆመዋለች። ልዩነቱ፣ እሷ ሟቹን «አንተ» እያለች ትጠራዋለች እንጂ «እኔ» አትልለትም። ቦቱ «እኔ» ይላል።

በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ነገሩ ዘዳግም 18 ከጠንቋይና ከመተተኛ ጋር የከለከለውን «ሙታን ሳቢ» ያስታውሳል። ለሟች የሚደረገው ፍትሐትና ተዝካር ነው። ሙስሊሞች ዘንድ ሐዘን 3 ቀን ነው፤ ባሏ የሞተባት ሴት 4 ወር ከ10 ቀን ትቀመጣለች። ሟችን ማየት ብቻውንማ ለጣና እንግዳ አይደለም። ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ የዓፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዓፄ ፋሲል ናቸው የሚባሉ አስከሬኖች መስታወት ባለው ሣጥን ይታያሉ፤ ለወንድ ብቻ ነው፣ ሴት ደሴቱን አትረግጥም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ይከለክላል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሁለቱም እናት «ይቅር» እያለች ልጅ ቲክቶክ ላይ ለለጠፈው የአባት ፊት ታስበው የወጡ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሟች አንደበት ማስታወቂያ ሊነገር እንደሚችል አስጠንቅቀው፣ የዕድሜ ገደብ እንዲኖርና ቦቱም በክብር የሚሰናበትበት ሥርዓት እንዲበጅለት መክረዋል። ለቦትም ተዝካር ሊወጣ ነው ማለት ነው።

ደግሞም ቦቱ የሚኖረው ባሕር ማዶ ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ቦት ያለው ሰው ሁለተኛ ለቅሶ ይቀመጣል። የሚያዛልቀው በእጅ ያለ ፋይል ነው። ሞባይል ቤት ስክሪኑ የረገፈ ስልክ ይዞ የሚመጣ ሰው አለ፤ «ስልኩ ይቅር፣ ድምፅዋን ብቻ አውጣልኝ» ይላል። ጠጋኙም ፍላሽ ላይ ገልብጦ ይሰጠዋል።