«ብርድ ልብ ያቆማል እንጂ መቼ ያድናል?»

በደብረ ብርሃን ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። ልባቸው ያለ ሥርዓት የሚመታባቸው አክስቴ በቅዝቃዜ የሚሠራ ሕክምና እንዳለ ስነግራቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ ብርድ ልብ ያቆማል እንጂ መቼ ያድናል?» አሉኝ። ፍርሃቱ የእሳቸው ብቻ ስላልሆነ በየተራ ልመልሰው።

«ሰውነት ሁሉ ይቀዘቅዛል»

አይቀዘቅዝም። ካቴተር የሚባለው ተጣጣፊ ቱቦ ከብሽሽት በደም ሥር ገብቶ ልብ ይደርሳል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ፊኛ ከሳንባ ደም የሚያመጣውን ደም ሥር አፍ ትደፍናለች። የምት መዛባቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ እንደሚነሣ የፈረንሳይዋ የቦርዶ ከተማ ሐኪሞች በ1998 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። የሚቀዘቅዘው ፊኛዋ የነካችው ሥጋ ነው።

«ጋዙ ደም ውስጥ ይገባል»

አይገባም። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ፣ ናይትረስ ኦክሳይድ፣ ፊኛዋ ውስጥ ሲስፋፋ ሙቀት ይወስዳል፤ ከዚያ በዚያው ቱቦ ተመልሶ ይወጣል።

«የቀዘቀዘው ሥጋ ይበሰብሳል»

ውርጭ የመታውን ባቄላ ያየ ይህን ይረዳል። ጎሕ ሲቀድ ቅጠሉ አመዳይ ለብሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይጠወልግና ይጠቁራል። ቅጠሉን የጎዳው በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን በረዶው ሲቀልጥ ነው። በልብም ፊኛዋ ለሦስት ወይም ለአራት ደቂቃ ያህል ስታቀዘቅዝ ሕዋሶቹ ይሞታሉ፤ ሲቀልጡም ጉዳቱ ይቀጥላል። ሥጋውን አቅፎ የያዘው መረብ ግን በአብዛኛው ሳይፈርስ ይቀራል። ቦታው ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ የተዛባውን የኤሌክትሪክ ምልክት አያሳልፍም።

«እንግዲያው ምንም ጉዳት የለውም»

ይህም ስሕተት ነው፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ድያፍራምን፣ ማለትም ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በቀኝ በኩል ከሚቀዘቅዘው ቦታ አጠገብ ያልፋል። ስለዚህ ሐኪሞቹ ነርቩን በኤሌክትሪክ እያነቃቁ፣ እጅን ከጎድን አጥንት ሥር አሳርፈው የድያፍራምን ትርታ ይከታተላሉ። ትርታው ከደከመ ማቀዝቀዙ ወዲያው ይቆማል።

«ከዚያ በኋላ መድኃኒት አያስፈልግም»

ደም ማቅጠኛው ቢያንስ ለሁለት ወራት ያህል ይቀጥላል፤ ለስትሮክ የተጋለጠ ሰው ከዚያም በላይ ይወስደዋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ምቱ ተመልሶ ቢዛባ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም።

«የልብ ሕመም ሁሉ በዚህ ይድናል»

አይድንም። በአገራችን ብዙ ልብ የሚታመመው በልጅነት በተያዘ የጉሮሮ ሕመም ጠንቅ ቫልቩ፣ ማለትም ደም የሚያሳልፈው የልብ በር፣ ተጎድቶ ነው። ቅዝቃዜ የጠበበ ቫልቭ አይከፍትም። አክስቴን ከሁሉ በፊት ለልብ አልትራሳውንድ የወሰድኳቸው ለዚህ ነው።