የባህር ኃይላችን መኮንኖች የት ተማሩ?

ስለ ቀድሞው ባህር ኃይል ሲወራ ሁሌም የሚነሱት መርከቦቹ ናቸው። እኔ ግን ትልቁ ሀብት ሰዎቹ ነበሩ ባይ ነኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1952 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል አገሪቱ የባህር በር አገኘች፤ ባህር ኃይሉም በ1955 ተመሠረተ። ዋናው ሰፈር ምፅዋ ነበር። ሲደራጅ ኖርዌዮች አገዙ፤ በስልጠናው በኩል ደግሞ ከእንግሊዝ ባህር ኃይል በጡረታ የወጡ ሰዎች ብዙ ደክመዋል።

የመኮንኖቹ ኮሌጅ በ1956 የተከፈተው አስመራ ነው። እስቲ አስቡት፣ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ በተቀመጠች ደጋ ከተማ ነው የባህር ሰው ይወጣ የነበረው! ትምህርቱ 52 ወር ይፈጅ ነበር፤ አራት ዓመት ከአራት ወር መሆኑ ነው። ተራ ባህረኞቹ ግን የሚሰለጥኑት ታች ምፅዋ፣ እዚያ ሙቀት ውስጥ ነበር። ከመኮንኖቹ መካከል ጣሊያን ሊቮርኖና አሜሪካ አናፖሊስ ድረስ ተልከው የተማሩም አሉ።

«ኢትዮጵያ» የምትባለውን መርከብ ሳላነሳ አላልፍም። አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ድጋፍ እንድትሰጥ የሠሯት፣ 95 ሜትር ገደማ የምትረዝም መርከብ ስትሆን በ1962 እኛ እጅ ገባች። የባህር ኃይሉ ዋና መርከብም፣ የሰልጣኞቹ መለማመጃም እሷው ነበረች።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አዛዡ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ የጃንሆይ የልጅ ልጅ፣ ኅዳር 1974 ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ሆኑ። ደርግ ፊቱን ወደ ሶቪየት ሲያዞር መኮንኖቹም ለትምህርት ወደ ሌኒንግራድ ይሄዱ ጀመር።

የካቲት 1990 ሻዕቢያ ምፅዋን ያዘ። በ1991 መንግሥት ሲወድቅ የተረፉት መርከቦች ባህር ተሻግረው የመን ገቡ፤ «ኢትዮጵያ»ም አብራ ሄዳ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ጅቡቲ የደረሱት ደግሞ በ1996 ጨረታ ወጣባቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

በ2018 ባህር ኃይሉን እንደገና የማቋቋም ሐሳብ ይፋ ሆነ፤ በ2019 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያ ያለው የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ማሰልጠኛ ለዓለም የንግድ መርከቦች የሞተር ባለሙያዎችን ሲያወጣ ቆይቷል። ጥሩ መነሻ ነው። የጦር መርከብ መኮንን ግን ሌላ ትምህርት፣ ሌላ 52 ወር ይፈልጋል።