ዩኦካቫ ምንድን ነው?

ልጅዎ የአሜሪካ ወታደር ሆኖ ጃፓን ተመድቧል እንበል። ቤቱ ቴክሳስ ነው። ምርጫው ደግሞ ደርሷል። እንዴት አድርጎ ነው የሚመርጠው?

ለዚህ ነው ዩኦካቫ የወጣው። ከቤታቸው የራቁ የሠራዊት አባላትና ውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች በፌዴራል ምርጫ እንዲሳተፉ የሚያደርግ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንት ሬገን የፈረሙት በ1986 ነው (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። የወታደሩን ባለቤትና በሥሩ ያሉ ቤተሰቦቹንም ያካትታል። አዲስ አበባ የሚኖር አሜሪካዊ ዜጋም፣ መሣሪያ ነክቶ ባያውቅም፣ በዚሁ ሕግ ይመርጣል።

ሕጉ የፌዴራል ይሁን እንጂ ሥራው የስቴቶች ነው። በአብዛኞቹ ስቴቶች ምርጫውን በበላይነት የሚመራው «ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት» የሚባለው ሹም ነው። ስሙ ያደናግራል። ዋሽንግተን ላይ እንዲህ የሚባለው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው፤ ይሄኛው ግን የስቴቱ ባለሥልጣን ነው። የኛ ሰው በብዛት በሚኖርባቸው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግን ምርጫውን የሚመሩት ራሳቸውን የቻሉ የምርጫ መሥሪያ ቤቶች ናቸው።

አንድ ሹም «ከወታደሮቻችን ጎን ነኝ» ሲል እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ 45 ቀን ነው። በ2009 ሕጉ ተሻሻለና፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በጊዜ ለጠየቀ መራጭ ምርጫው 45 ቀን ሲቀረው እንዲላክለት ግዴታ ሆነ። በኢሜይል ወይም በኢንተርኔት ልኩልኝ ካለም ይላክለታል። ፖስታ መርከብ ላይ ወይም ራቅ ያለ ጦር ሰፈር ለመድረስ ሳምንታት ይፈጅበታል። ተሞልቶ የሚመለስበትንም መንገድ አስቡት።

አላባማ የገጠማትን እዩ። ፓርቲዎች እጩዎቻቸውን የሚለዩበት ምርጫ አሸናፊ ካልለየለት ሁለተኛው ዙር የሚደረገው ከ42 ቀን በኋላ ነበር። 42 ቀን ውስጥ 45 ቀን ከየት ይመጣል? በ2012 የፍትሕ ሚኒስቴር ስቴቱን ከሰሰ። በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ45 ቀኑ ግዴታ ሁለተኛውንም ዙር ይመለከታል አለ። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ወታደሩ የተመደበበትን ቦታ አልመረጠም፤ የቀን አቆጣጠር ድምፁን ሊበላበት አይገባም።

የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ ሌላ ነው። አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ዩኦካቫ አይመለከታቸውም፤ እንደማንኛውም ነዋሪ ይመርጣሉ። ለእነሱ የሚደረገው ድጋፍ በሌላ በኩል ይመጣል። ዌስት ቨርጂኒያን ብንወስድ፣ የንግድ ምዝገባም የሚካሄደው በዚሁ ሹም ቢሮ ስለሆነ፣ ንግድ የሚከፍቱ የቀድሞ ወታደሮች ከምዝገባ ክፍያ ነፃ የሚሆኑበት ፕሮግራም አለ።

ልጅዎ አሁን አገልግሎት ላይ ከሆነ ኤፍፒሲኤ የሚባለውን ፎርም ይሙላ። ለመመዝገብም፣ ወረቀት ለመጠየቅም ያገለግላል። በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ፣ አድራሻ በቀየረ ቁጥርም፣ እንደገና ቢልክ ይመከራል። ወረቀቱ ከዘገየበት ደግሞ ኤፍዋብ የሚባል መጠባበቂያ አለ፤ የሚመርጠውን እጩ ስም ራሱ ጽፎ ይልከዋል። ዋናው ወረቀት በኋላ ቢደርስ እሱንም ሞልቶ ይላክ። የሚቆጠረው አንዱ ብቻ ነው።