ላምዳ የከበደ ኒውትሮን አይደለም

ጅማ ላይ ኒውክሌር ፊዚክስ የሚያጠኑ ተማሪዎች ስለ ሃይፐርኒውክለስ (ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ሌላ እንደ ላምዳ ያለ ከባድ ቅንጣት ስላለበት ኒውክለስ) ሲያወሩ ይህች አባባል አትጠፋም፦ «የኒውትሮኑን የኮምፒውተር ኮድ ወስደህ ማሱን ብቻ ቀይር፤ ላምዳ ይሆንልሃል።» አይሆንም!

ላምዳ ስትሬንጅ ኳርክ ስላለው የፓውሊ ክልከላ (ሁለት አንድ ዓይነት ቅንጣቶች አንድ ደረጃ ላይ አይቀመጡም የሚለው ሕግ) ከፕሮቶንና ከኒውትሮን ጋር አያጋጨውም። ኒውክለሱ ቢሞላም እሱ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ኃይሉም ሌላ ነው። አይሶስፒኑ (ፕሮቶንን ከኒውትሮን የሚለየው የኳንተም ቁጥር) ዜሮ በመሆኑ አንድ ፓዮን፣ የኒውክለሱን ኃይል የሚያደርሰውን ቅንጣት፣ ሲለዋወጥ ላምዳ ሆኖ አይቀርም፤ ሲግማ ወደሚባለው ዘመዱ መለወጥ አለበት፤ ሲግማ ደግሞ በ77 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ይከብዳል። ስለዚህ የሩቁ ስበት ይሳሳል። የፖቴንሻሉ (ቅንጣቱን የሚይዘው የጉልበት ጉድጓድ) ጥልቀት ለኒውክሊዮን፣ ማለትም ለፕሮቶን ወይም ለኒውትሮን፣ ወደ 50 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ሲጠጋ ለላምዳ ከ28 እስከ 30 ብቻ ነው።

በካርቦን 12 ላይ አንድ ላምዳ ጨምራችሁ ሞክሩት። ላፕቶፕ ይበቃል፤ «አክስለሬተር ከሌለን ምን እንሠራለን» የሚባለው ለዚህ ሥራ ሰበብ አይሆንም። ዉድስ-ሳክሰን ፖቴንሻል (ጠርዙ ቀስ እያለ የሚሳሳ ጉድጓድ) ውሰዱ፦ ጥልቀት 28፣ ራዲየስ 2.77 ፌምቶሜትር፣ የጠርዙ መሳሳት 0.6። በኑሜሮቭ ዘዴ (የሽሮዲንገርን እኩልታ ደረጃ በደረጃ በቁጥር በሚፈታው)፣ በ0.05 ፌምቶሜትር እርምጃ ፍቱት። የተለካው የላምዳ ማሰሪያ ጉልበት 11.7 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ነው፤ መልሳችሁ እዚያው አካባቢ ካልወደቀ ኮዱን ፈትሹ። የኒውክሊዮኑን 50 ሳትቀይሩ ከተዋችሁት ከእጥፍ በላይ ይወጣል።

ሁለት ቦታ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዱ ሪዲዩስድ ማስን (ላምዳውም ኒውክለሱም ስለሚንቀሳቀሱ በላምዳው ማስ ፋንታ የሚገባውን አነስ ያለ ማስ) መርሳት ነው። ላምዳ ከሂሊየም 4 ጋር ሲሆን ማሱ ከ1,116 ወደ 859 ይወርዳል፤ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ በ30 በመቶ ያድጋል። ሌላው ሃይፐርትራይተንን (ፕሮቶን፣ ኒውትሮንና ላምዳ ያሉበትን) በጠባብ ሳጥን፣ ማለትም ስሌቱን አጭር ርቀት ላይ ቆርጦ፣ መፍታት ነው። ላምዳው የታሰረው በጥቂት አሥረኛ ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ነው፤ ማሰሪያው 0.13 ከሆነ የሞገዱ ጅራት በየ15 ፌምቶሜትሩ ነው ወደ ሲሶ ገደማ የሚቀንሰው። 15 ላይ የቆረጠ ሰው የሚያገኘው የሳጥኑን ጉልበት ነው። እስከ 100 ሂዱ።

«ሃይፐርኒውክለስ የወረቀት ፈጠራ ነው» ለሚሉ፦ ማሪያን ዳኒሽና ዬዢ ፕኒየቭስኪ በ1952 ዋርሶ ውስጥ በኮስሚክ ጨረር በተመታ የፎቶ ኢመልሽን (የቅንጣት ዱካ በሚቀርጽ የፊልም ንብርብር) ላይ አይተውታል።

«ሁለት ላምዳዎች በኃይል ይሳሳባሉ» የሚለውም ልክ አይደለም። በ2001 ይፋ የሆነው የናጋራ ክስተት፣ ሁለት ላምዳ ያለበት ሂሊየም 6፣ ተጨማሪ ማሰሪያው (ሁለቱ ላምዳዎች እርስ በርስ በመሳሳባቸው የሚገኘው) በኋላ ተስተካክሎ 0.67 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት ገደማ ሆኗል።

«ሞዴሌ ከስካተሪንግ ዳታው ጋር (ቅንጣቶችን አጋጭቶ ከተለካው) ገጥሟል፣ በቃ» የሚል ደግሞ ዳታውን ይቁጠር። ለኒውክሊዮን በሺዎች አሉ፤ በዝቅተኛ ጉልበት ለሃይፐሮን (እንደ ላምዳና ሲግማ ስትሬንጅ ኳርክ ላለው ቅንጣት) የሚጠቀሱት የቆዩ ነጥቦች ግን በአሥሮች ናቸው። በእነሱ ላይ እኩል የሚገጥሙ ፖቴንሻሎች ኒውክለስ ውስጥ ሲገቡ ይለያያሉ። ስለዚህ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ፖቴንሻሎች አስሉና የመልሶቹን ልዩነት የስህተት ወሰን አድርጋችሁ ጻፉ።